ስልክ ለመደወል ደብዳቤ አምጡ ተባልን

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ከሶዶ ነው። ዳሞታ ጭጋጉን ተከናንቧል፣ ባጃጁ ጡሩምባውን ይነፋል፣ እኛ ደግሞ ሦስት ሆነን አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከበን ተቀምጠናል። ኮምፒዩተሩ አልተበላሸም። እንዲያውም ሥራውን አሳምሮ ይሠራ ነበር። ከነበረበት ተነቅሎ የተመለሰልንም ስለሠራ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ነገሩን ከሥሩ እናውጋችሁና እናንተው ፍረዱን።

በከተማችን አንድ ተቋም አለ። ስሙን አንጠራም፤ እንደሱ ያለ በየከተማችሁ ስለማይጠፋ የናንተን አስቡ። አራት ፎቅ፣ ሃያ ምናምን ቢሮ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጨረታ የውስጥ ስልክ ማዞሪያ ገዛ። ያቀረበው ድርጅት ከአዲስ አበባ መጥቶ ተከለ፣ ፎቶ ተነሣ፣ የይለፍ ቃሉን በኪሱ ይዞ ተመለሰ። በአንዱ ክረምት መብራት ሄዶ በኃይል ሲመጣ ማዞሪያው ጭጭ አለ። ባለሙያ ይምጣ ቢባል አበል አለው፣ ትራንስፖርት አለው፣ የጥገና ዋጋ አለው። ግዥ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ይምጣ አለ። የይለፍ ቃሉ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው፤ ሦስት ፕሮፎርማ ከየት ይምጣ?

እነሆ ከዚያ ወዲህ የተቋሙ ስልክ ማዞሪያ ጥበቃው ሆኑ። ከምድር ቤት ቀና ይሉና «ፋይናንስ! እንግዳ አለሽ!» ብለው ይጣራሉ። አራተኛ ፎቅ ያለው ኃላፊ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ሠራተኛ የሚያገኘው ከኪሱ ካርድ ሞልቶ ነው። ድምፁ ከቢሮ ቢሮ ለመድረስ በቴሌ ታወር በኩል ዞሮ ይመጣል። በመካከላቸው ያለው ግን አንድ ደረጃ ብቻ!

እኛም ሞኝነታችን ነው፣ «እንሥራላችሁ» አልን።

ሦስት ቀን የፈጀ ሥራ

ከመጋዘን አንድ የተጣለ ዴስክቶፕ አወጣን። ዊንዶውስ የከበደው፣ ሊኑክስ ግን የማይከብደው ዓይነት። ዴቢያን ጫንንበት፣ በላዩ አስተሪስክን ጫንን። አስተሪስክን ለማታውቁት፦ እ.ኤ.አ. በ1999 ማርክ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ ወጣት የጀመረው የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር ነው። ልጁ ለትንሿ ኩባንያው የስልክ ማዞሪያ ፈለገ፣ ዋጋው ከአቅሙ በላይ ሆነበት፣ ራሱ ጻፈው። ጽፎም አልደበቀውም፤ ኮዱን ለዓለም ሁሉ ክፍት አደረገው። ዛሬ ማንም አውርዶ መጫን፣ መክፈት፣ ማየት፣ መቀየር ይችላል። ዋጋው ዜሮ ብር ነው። የይለፍ ቃሉም ያንተው ነው።

አሠራሩ ጥንቆላ የለበትም። ዋናዎቹ ፋይሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፒጄሲፕ ዶት ኮንፍ ይባላል፤ እነማን ስልክ እንዳላቸው የሚጻፍበት መዝገብ ነው። 101 ጥበቃ፣ 102 ፋይናንስ፣ 103 ሬጅስትራር እያልክ ለእያንዳንዱ ስምና የይለፍ ቃል ትሰጣለህ። ሁለተኛው ኤክስቴንሽንስ ዶት ኮንፍ ነው፤ «102 ሲደወል የፋይናንስን ስልክ ለሃያ ሰከንድ ጥራ፣ ካልተነሣ ወደ ጸሐፊዋ አሳልፍ» የሚል ትእዛዝ ይጻፍበታል። በቃ። ድሮ ገመድ እየነቀለች እየሰካች «ማንን ላገናኝዎት?» ትል የነበረችው ስልከኛ የምትሠራውን ሥራ በጽሑፍ ማስፈር ነው። (ምክር ለጀማሪ፦ ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት አሮጌ መመሪያ አብዛኛው ሲፕ ዶት ኮንፍ ስለሚባል ፋይል ነው የሚያወራው። ያ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ከአስተሪስክ 21 ጀምሮ ተነሥቷል። እሱን ይዛችሁ ሌሊት እንዳትነጋባችሁ፤ እኛ ነግቶብናል።)

ስድስት ያገለገሉ የጠረጴዛ አይፒ ስልኮች አገኘን። ለቀሩት ሠራተኞች በየሞባይላቸው ሊንፎን የሚባለውን ነፃ አፕ ጫንንላቸው፤ የግቢው ዋይፋይ ውስጥ እስካሉ ድረስ ሞባይላቸው የቢሮ ስልክ ይሆናል። ወጪው? ጥቂት ሜትር ኬብል፣ አንድ ስዊች፣ አንድ ያገለገለ ዩፒኤስ። ምሳችንንም ራሳችን ከፍለናል።

በሦስተኛው ቀን ጥበቃው 102 ደወሉ። ፋይናንስ አነሣች። ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ።

ይህ ግን አይደለም ልባችንን የነካው። አስተሪስክ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲናገር አልተፈረደበትም። የፈለግከውን ድምፅ ቀድተህ በቋንቋው ስም በከፈትከው አቃፊ ውስጥ ታስቀምጣለህ፣ ለየትኛው ስልክ የትኛው ቋንቋ እንደሚሰማ ታዛለህ። የጓደኛችን እህት በወላይትኛ ቀዳችልን። «ሳሮ» ብላ ትጀምርና ለፋይናንስ ይህን፣ ለሬጅስትራር ያንን ቁጥር ይጫኑ ትላለች። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ እናት መነጋገሪያውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ደግመው ሰሙ። «ይሄ ነገር የኛን ቋንቋ ያውቃል እንዴ?» አሉን።

ያውቃል እናታለም። ካስተማርነው ያውቃል።

«የሚመለከተው አካል»

ከሳምንት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠሩን። ክፉ ሰው አይደሉም። ሻይ አስመጡልን። «ልጆች፣ እጃችሁ ይባረክ» አሉን። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ይሄ የኢንተርኔት ስልክ የሚባለው ነገር ሕጋዊ ነው? ኋላ በኔ ላይ እንዳይመጣ። ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ አምጡ።»

የሚመለከተው አካል! በዚህች አገር ሁሉን የሚመለከት፣ ራሱ ግን የማይታይ ፍጡር እሱ ብቻ ነው። ሄድን። አንዱ ቢሮ «ይሄ የቴሌ ጉዳይ ነው» አለን። ሌላው «ይሄ የኮምዩኒኬሽን ነው» አለን። ሦስተኛው ቢሮ ያገኘነው ሰው በቀናነት ሰምቶን ሲያበቃ «እኔ ይቻላል ብዬ ብጽፍና ባይቻል ማን ይጠየቃል?» አለን። እውነቱን ነው። ኮምፒዩተሩም ተነቀለ፣ ጥበቃውም ወደ ጩኸታቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ዛሬ የምንጨቃጨቀው በሥራ አስኪያጁ ላይ አይደለም። የምንጨቃጨቀው ሥራ አስኪያጁን እንደዚያ ባስፈራቸው ነገር ላይ ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም፤ የአዋጅ ቁጥር አለው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ ግንኙነት ማድረግንም ማቅረብንም ከለከለ። ያኔ አገሪቱ ውስጥ አንድ ቴሌ ብቻ ነበር። ወደ ውጭ መደወል የሀብታም ነገር ነበር፣ ከውጭ የሚገባው ጥሪ ደግሞ ዶላር ነበር። ኢንተርኔት ያንን ዶላር በጎን በኩል ሊያሾልከው ነው ተብሎ ተሰጋ። ስጋቱ ይገባናል። መፍትሔው ግን ሁሉንም በአንድ ጅራፍ መግረፍ ሆነ።

ከዚያ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 መጣ። በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሰጠ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት ጽኑ እስራት፣ አገኘ ተብሎ ከሚገመተው ገቢ አምስት እጥፍ መቀጮ። አገልግሎቱን ያገኘም፣ አስቦም ይሁን በቸልተኝነት፣ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራትና ከ2,500 እስከ 20,000 ብር መቀጮ። ልብ በሉ፣ በቸልተኝነት! ረቂቁ ሲወጣ የዓለም ሚዲያ «ኢትዮጵያ ስካይፕን ከለከለች» ብሎ ጮኸ፤ መንግሥትም አልከለከልኩም ብሎ አስተባበለ። ማስተባበያው ግን ጋዜጣ ላይ ቀረ፣ አዋጁ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሰው ደግሞ የሚፈራው ነጋሪት ጋዜጣን ነው።

ስካይፕ ራሱ በ2017 ዓ.ም. ተዘጋ። የሶዶው ፍርሃት ከስካይፕ በላይ ዕድሜ አገኘ ማለት ነው!

በጣም የሚገርመውን ደግሞ እንንገራችሁ። ለዜጋው የኢንተርኔት ስልክ ክልክል በነበረበት በዚያው ዘመን፣ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ፣ መንግሥት ወረዳ ኔትን ይዘረጋ ነበር። ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር በሳተላይትና በፋይበር የሚያገናኝ መረብ ነው። ከቪዲዮ ስብሰባው ጋር ከታቀዱለት አገልግሎቶች አንዱ ምን ነበር? በአይፒ የሚሄድ ስልክ! ቴክኖሎጂው መጥፎ ስለሆነ አልነበረም የተከለከልነው ማለት ነው። ለመንግሥት ሲሆን «ዘመናዊ አሠራር»፣ ለኛ ሲሆን «ማጭበርበር»።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ስልክ ወደዚህች አገር የገባው እ.ኤ.አ. በ1894 ከሐረር አዲስ አበባ በሚዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር ገመድ ነው። በዚያው ዓመት የምኒልክ ጦር ወላይታ ላይ ዘምቶ ካዎ ጦናን ማርኳል። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ያነሣነው ለክርክር ሳይሆን ለማስታወስ ነው፦ ስልክ በዚህች አገር ሲጀመር ከመሐል ወደ ዳር ትእዛዝ የሚወርድበት ገመድ ነበር። ማዞሪያው ሁልጊዜ መሐል ነው የሚቀመጠው። ዳሩ ሲጠራ «አቤት» ይላል እንጂ አይጠራም። እኛ የምንለው፣ ማዞሪያው ዳር ላይም ይቀመጥ ነው። አንድ የተጣለ ዴስክቶፕ ከበቃው ምን ገዶን?

የሚነሡብንን ጥያቄዎች እንመልስ

«የሲም ቦክስ ወንጀል አለ እኮ» ይሉናል። አዎ አለ። ከውጭ የመጣን ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብሎ በብዙ ሲም ካርድ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ አስመስሎ የሚያስገባ ሌብነት አለ። ኦፕሬተሩ ገቢውን ያጣል፣ አገር የውጭ ምንዛሪዋን ታጣለች፣ ተቀባዩም የደዋዩን እውነተኛ ቁጥር አያይም። ይህን የሚሠራ ሰው ይጠየቅ፤ አንዲት ቃል አንከራከርም። ግን እስቲ ንገሩን፦ ከጥበቃ ቤት ወደ ፋይናንስ የተደወለው ስልክ የትኛውን የውጭ ጥሪ ሰረቀ? የኛ ማዞሪያ ከግቢው አጥር አልወጣም። ሲም ካርድ የለውም። ከቴሌ መስመር ጋር አልተያያዘም። ኢንተርኔቱን ብትነቅሉት እንኳ ይሠራል፤ ድምፁ የሚሄደው በግቢው ኬብል ነውና። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ እንዲህ ያለ ስልክ ያለው ግቢ ቢሮ ከቢሮ መነጋገሩን አያቋርጥም ነበር። «የኢንተርኔት ስልክ» የሚለው ስም ነው ያሳሳተን። ቢላ ሰው ይገድላል ተብሎ ሽንኩርት መክተፊያው አይታገድም።

«ደኅንነቱስ?» ይሉናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አስተሪስክን 1234 በሚል የይለፍ ቃል ኢንተርኔት ላይ የሚያጋልጥ ሰው ቤቱን ከፍቶ እንደሚተኛ ነው። 5060 የሚባለውን በር ቀን ከሌት የሚያንኳኩ ማሽኖች በዓለም ሞልተዋል፤ ካገኙት በአንተ ሒሳብ ሩቅ አገር ሲደውሉ ያድራሉ። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው፦ ረጅም የይለፍ ቃል፣ በተደጋጋሚ የተሳሳተውን የሚያባርር ፌይል ቱ ባን፣ ከሁሉም በላይ ማዞሪያውን ወደ ውጭ አለማሳየት። የይለፍ ቃሉ አዲስ አበባ የቀረ ሣጥንስ በምን ይበልጣል? ባለቤቱ ከፍቶ የማያየው ነገር ደኅንነቱ በእምነት ብቻ ነው።

«እናንተ ነገ ብትሄዱ ማን ይጠግነዋል?» ይሉናል። ይህ ነው ከሁሉም የሚከብደው፣ ሐቀኛው ጥያቄም ይህ ነው። መልሳችን፦ ማንም ሊኑክስ የሚያውቅ ልጅ። የሻጩ ሣጥን አንድ ጌታ ብቻ አለው። የኛው ሁለት ፋይል ነው፤ አትመን አስቀምጠን፣ በአማርኛ ማብራሪያ ጽፈን ነው የሰጠነው። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከዚህችው ከተማ የኮምፒዩተር ተማሪ ሲመረቅ ኖሯል። ባለሙያ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በአበል የምናስመጣበት ምክንያት ምንድነው? ሞኝ ከደጁ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ አባቶች። እኛ ደግሞ ከደጃችን ቆርጠው የወሰዱትን ሞፈር መልሰን በጨረታ እንገዛለን።

ስድስት ከተማ፣ አንድ ክልል

አሁን ከአራት ፎቁ ሕንፃ እንውጣና ሰፋ አድርገን እንየው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። የክልሉ መቀመጫ አንድ ከተማ አይደለም። ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላና ካራት ተከፋፍለውታል። ለፍትሐዊነት ተብሎ ነው፤ ይሁን፣ ደግ ነው። ግን አንድ ቢሮ ዲላ፣ ሌላው ጂንካ፣ አመራሩ ሶዶ ሆኖ በምን ይነጋገራሉ? በኃላፊው የግል ሞባይል፣ በቴሌግራም ግሩፕ፣ ካልሆነም በመኪናና በአበል። ኃላፊው ሲነሣ ቁጥሩም አብሮት ይሄዳል። አንድ ገበሬ ቢሮውን ሲፈልግ የሚደውለው ለአንድ ግለሰብ ነው። ግለሰቡ ስብሰባ ላይ ነው። ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።

አሁን አስቡት። በየከተማው አንድ ትንሽ ማዞሪያ ይቀመጥ። በመካከላቸው በተመሰጠረ የግል መስመር፣ ማለትም በቪፒኤን፣ ይገናኙ። ከሶዶ የተደወለ አራት አሃዝ ቁጥር ጂንካ ይጮኻል። ቁጥሩ የወንበሩ እንጂ የሰውየው አይሆንም።

«ኢንተርኔታችን ይሸከመዋል ወይ?» ለምትሉ ሒሳቡ ይኸውና። ጂ 711 በሚባለው ጥሩ የድምፅ አቀጣጠል አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 64 ኪሎቢት በሰከንድ ይወስዳል፤ ማሸጊያው ሲጨመር 80 ይደርሳል። ጂ 729 የሚባለው ድምፁን ወደ 8 ኪሎቢት ይጨምቀዋል፤ ከነማሸጊያው 24 ገደማ ነው። የዚህኛው የባለቤትነት መብት ክፍያም እ.ኤ.አ. በ2017 አብቅቷል። ስለዚህ አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ቢያወራ ከሩብ ሜጋቢት እምብዛም አይበልጥም። አንዱ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ዩቲዩብ ሲያይ ከዚህ በላይ ይበላል። ታዲያ የጎደለው ኢንተርኔት ነው?

ችግር አይገጥማችሁም አንልም። ከሁለት ግቢ ስታገናኙ መጀመሪያ የሚገጥማችሁ «አንዱ ይሰማል፣ ሌላው አይሰማም» የሚባለው በሽታ ነው። ምክንያቱ ደዋዩ ስልክ ከራውተሩ ጀርባ ሆኖ የግቢ ውስጥ አድራሻውን ስለሚናገር ነው፤ ተቀባዩ ድምፁን ወደዚያ አድራሻ ይልካል፣ አድራሻው ግን ከግቢው ውጭ ትርጉም የለውም። ለጎረቤት ከተማ ሰው «ቤቴ ከዋርካው ጀርባ ነው» እንደማለት ነው። ወይ ለማዞሪያው የውጭ አድራሻውን ትነግሩታላችሁ፣ ወይ ቪፒኤን ዘርግታችሁ ሁለቱን ግቢ አንድ ግቢ ታደርጓቸዋላችሁ። አንድ ሌሊት ያናድዳል፣ በማግሥቱ ያስቃል።

ወላይታ በተለይ ይህን ነገር ሊንቀው አይገባም። ይህ ሕዝብ በ1992 ዓ.ም. «ወጋጎዳ» የሚል የተቀላቀለ ቋንቋ በመጽሐፍ ሲመጣበት እምቢ ብሎ አደባባይ የወጣ፣ የሰው ሕይወት የከፈለም ሕዝብ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ከሰሜን ኦሞ ተነጥሎ የራሱን ዞን ያገኘው። በቋንቋው ለመማር ደሙን የሰጠ ሕዝብ ሆስፒታል ደውሎ በማያውቀው ቋንቋ «አንድን ይጫኑ» ሲባል ዝም ይበል? ኦቶና ሆስፒታል የምትመጣዋ የገጠር እናት ወረፋዋን በወላይትኛ በስልክ ብታውቅ ስንት የእግር መንገድ፣ ስንት የባጃጅ ብር ይተርፍላት ነበር? ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ብድር አይደለም፣ ፕሮጀክትም አይደለም። አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ ማይክሮፎንና የቋንቋው ባለቤት የሆነች አንዲት ልጅ ናቸው።

የኛስ ጥፋት?

መንግሥትን ብቻ ተናግረን ብናልፍ ውሸታም እንሆናለን። እኛስ? የኛ ትውልድ በክራክ የተሰበረ ዊንዶውስ ሲጭን አይፈራም፤ በነፃ የተሰጠውን ሊኑክስ ግን ይፈራል። የተሰረቀው ሕጋዊ መስሎት፣ የተሰጠው ወንጀል መስሎት የሚኖር ትውልድ የት አለ? በየክፍሉ «ቮይስ ኦቨር አይፒ ምንድነው? (5 ነጥብ)» ለሚል ጥያቄ ትርጉሙን ሸምድደን ጽፈን አምስቱን ነጥብ አግኝተናል። ሁለት ስልክ አገናኝቶ ያሳየ ግን ስንቱ ነው? ለመመረቂያ የሚሠራው ፕሮጀክት ሁሉ «የተማሪዎች ማኔጅመንት ሲስተም» ሆኖ በሲዲ ታሽጎ ሼልፍ ላይ አቧራ ይጠጣል። ከመካከሉ አንዱ የግቢውን ስልክ ቢሠራ ምን ነበረበት?

ደግሞም ፈቃድ መለመን ለምዶብናል። አዋጁ ከከለከለን በላይ ራሳችንን ከልክለናል። ማንም ሳይጠይቀን «አይቻልም» እንላለን። ዝም አይነቅዝም በሚል ተረት ያደግን ልጆች ዝም ስንል ነቅዘናል።

ስለዚህ ምን ይደረግ?

ጊዜው እኮ ተለውጧል። በ2011 ዓ.ም. የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ወጥቶ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ወስዷል፣ በ2015 መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን ከፍቷል። «ቴሌ አንድ ነው፣ እሱም የመንግሥት ነው» የሚለው ዘመን አብቅቷል። የኬንያ ስልክ ኩባንያ በኢትዮጵያ ምድር ታወር ሲተክል ሕጋዊ ነው፤ የሶዶ ልጅ በሶዶ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ፋይል ሲጽፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። ይህን ማን ያስረዳን?

ጥያቄያችን ሦስት ነው፣ ሦስቱም ርካሽ ናቸው።

አንደኛ፣ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አንድ ገጽ ወረቀት ይጻፍልን። በግቢ ውስጥ የሚሠራ፣ ወደ ሌላ ሰው የማይሸጥ፣ ከውጭ ጥሪ የማያስገባ የውስጥ ስልክ የማንንም ፈቃድ እንደማይፈልግ በግልጽ አማርኛ፣ ብዙም ሳይቆይ በየክልሉ ቋንቋ ያስታውቅ። ሥራ አስኪያጁ ያችን ወረቀት ግድግዳቸው ላይ ይለጥፏት። የሚመለከተው አካል አንዴ እንኳ ይታይ።

ሁለተኛ፣ የመንግሥት ተቋማት የስልክ ማዞሪያ ሲገዙ ጨረታው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ «የይለፍ ቃሉና ሙሉ ኮንፊገሬሽኑ ለተቋሙ ይረከባል»። ኦፕን ሶርስ ባይወዱ እንኳ ይሁን። በገዛ ብራቸው የገዙትን ዕቃ ቁልፍ ግን ይቀበሉ።

ሦስተኛው ለናንተ ነው፣ ለኛም ነው። በቤታችሁ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አይጠፋም። ዛሬ ማታ ሊኑክስ ጫኑበት። የእናንተን ስልክ 101፣ የእህታችሁን 102 በሉት። እሷ ማድ ቤት ሆና አናግሯት። ፊቷን እዩት። ከዚያ በኋላ ማንም መጥቶ «ይሄ ነገር ለኛ አይሆንም» ቢላችሁ አታምኑትም።

እኛም ኮምፒዩተራችንን አልሸጥነውም። አቧራውን ጠርገን ከጎናችን አስቀምጠነዋል። ድምፁም ውስጡ አለ፤ በየሌሊቱ አንዴ እንደውልበታለን፣ «ሳሮ» ይለናል። ያች እናት በቢሯቸው ደግመው እስኪሰሙት ድረስ ይህን ጭቅጭቅ አንተወውም።

ቸር እንሰንብት!